ጥላ ያጣው የሥዕል ቤት

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ፀሐይ ገብታለች! በሰሜኑ መስኮት፣ በእኔ መስኮት፣ እንደ ገዛ ቤቷ ዘልቃ ገብታ የጋሽ ታደሰ ሸራ ላይ ተዘርግታለች። ዓይኔን አላመንኩም። ከአሰላ በሹራብ ተነስቼ ዴራ ስወርድ ሹራቡን በክንዴ አንጠልጥዬ፣ ደስ እያለኝ፣ "ቤቴን ልየው" ብዬ በሩን ብከፍተው ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ፊቴን ገረፈኝ።

ጋሽ ታደሰ ሠዓሊ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ። ለበዓል የሚሰቀሉትን ትልልቅ ሰሌዳዎች ይሥላሉ፣ የወረዳውን ወጣቶች ያስተምራሉ። ቤቱ የተሠራው ለእሳቸውና ለተማሪዎቻቸው ነው። ንድፉ የእኔ ነው። ደግሜ ልጻፈው፣ ደስ ስለሚለኝ፦ ንድፉ የእኔ ነው። መሥሪያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የሌላ ሰው ፕላን ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቼ ስገለብጥ ነው የኖርኩት።

"ልጄ፣" አሉኝ ላባቸውን ቀለም በነካው ጨርቅ እየጠረጉ፣ "የሰሜን ብርሃን አልሽኝ እንጂ የሰሜን እሳት አላልሽኝም።"

አንገቴን ደፋሁ። ወዲያው ደግሞ ቀና አልኩ፣ ምክንያቱም እኔ ይህቺን ፀሐይ አውቃታለሁ። የፈረንጅ መጽሐፍ "የሠዓሊ ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን፣ በዚያ በኩል ፀሐይ አትመጣም" ይላል። እነሱ አገር አትመጣ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድረስ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ይህን ስለማውቅ ነው ከመስኮቶቹ በላይ ወደ ውጭ ዘለቅ ብሎ የሚወጣ ጥላ፣ በግራና በቀኝም ክንፍ የሚመስል ግድግዳ የነደፍኩት። ብርሃን ይግባ፣ ፀሐይ ደጅ ትቅር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ወጥቼ ቀና ብዬ አየሁ። ጥላው የለም። ክንፉም የለም። ግድግዳው ልጥፍ ብሎ ተለስኗል፣ መስኮቱ እርቃኑን ቆሟል።

ግንበኞቹን ልጠይቅ ብል አንድም ሰው የለም። ረመዳን ስለገባ በማለዳ ሠርተው ሙቀቱ ሳይበረታ ይበተናሉ። ጋሽ ታደሰን ብጠይቃቸው "እኔ ሠዓሊ እንጂ ግንበኛ ነኝ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቤቱ የገቡት ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔም ጣሪያው ከመመታቱ በፊት ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት፤ ከዚያ ወዲህ መኪና በጠየቅኩ ቁጥር ነዳጅ የለም ነው መልሱ። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለነበረች ማንም አላስተዋለም። ጎድሎ ሳለ ደህና መስሎ ከረመ።

ቅዳሜ የፓርቲው ኮሚቴ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። ቅዳሜ! ጉዴ ፈላ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አሰላ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ። ትናንት በላብ፣ ዛሬ በካፖርት።

ጓድ ግርማ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ ገና "እንዴት አደሩ" ሳልጨርስ "ፀሐይ ገባች አሉ" አለኝ። ወሬ ከአውቶቡስ ይቀድማል! ማን እንደነገረው እግዜር ይወቀው።

ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከመስኮቱ በላይ በራሴ እጅ፣ በወፍራም ብዕር "ጥላ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ክንፎቹም ላይ "ጥላ"። ልክ ነኝ።

"ታዲያ የት አለ?" አለኝ።

"ነገ ሄጄ አገኘዋለሁ።"

"ጥላ አይጠፋም ጓድ ጥሩነሽ፣ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚሄደው።" በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ነገሩን ቁርጥ አደረገው። ቅዳሜ ፀሐይ እዚያ ቤት ውስጥ ከታየች ገና የሚሠሩት የአቦምሳውም የሮቤውም ሥዕል ቤቶች ከላይ በመጣው ሞዴል ፕላን ይሠራሉ፣ እኔም ወደ ግልበጣዬ እመለሳለሁ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከላይ የመጣ ነገር ሲይዝ ብቻ ተረጋግቶ እንቅልፍ ስለሚወስደው ነው።

ሞዴል ፕላኑን ብታዩት! በአራቱም በኩል መስታወት። አቦምሳ ላይ! ያ ሁሉ ሙቀት ባለበት!

"ጓድ ግርማ፣" አልኩት፣ "በዚህ ቤት ውስጥ ሠዓሊ ሳይሆን ቲማቲም ነው የሚበስለው።"

አልሳቀም። ምላሴ አንድ ቀን ያጠፋኛል። ግን እውነቴን እኮ ነው።

የጠረጠርኳቸውን ልጻፍ፣ ለራሴ ነው። አንደኛ፣ እንጨቱን አንዱ ወስዶት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጓድ ግርማ ራሱ ቁጠባ ብሎ አስቀርቶት ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፎርማኑ ኦቦ ቃሲም "ሴት የነደፈችው" ብሎ ንቆት ይሆናል። ሦስተኛውን ስጽፍ ደሜ ፈላ። አይመስለኝም፤ ግን ደሜ ፈላ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ገና ሳይነጋ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ግንበኞቹን ሥራ ላይ ደረስኩባቸው። ኦቦ ቃሲም ቱንቢውን አንጠልጥሎ የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ እየለካ ነበር። ከንፈሩ በጾሙ ደርቋል። ፕላኑን ከነጥቅሉ እፊቱ ያዝኩለት።

"ኦቦ ቃሲም፣ ጥላው የት ገባ?"

"የትኛው ጥላ?"

"ከመስኮቱ በላይ የሚወጣው! እዚህ ተጽፏል፣ ይኸው!"

"አይ ኢንጂነር፣" አለ ተረጋግቶ፣ ሁልጊዜ ኢንጂነር እያለ ነው የሚጠራኝ፣ "እሱንማ ሠዓሊው ከለከሉኝ።"

"ማን?"

"ጋሽ ታደሰ። ገና ቤቱን ሳይረከቡ ሊያዩ መጥተው፣ እዚች ቦታ ቆመው፣ ጥላ አልፈልግም፣ ጥላ የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳላይ አሉኝ። አንቺ ደግሞ የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፣ የሚሉህን አድርግ ብለሽኛል። ወላሂ፣ እንጨቱን ሁሉ ቆርጬ አዘጋጅቼ ነበር። ግን አልወደዱትማ ብዬ ለመወጣጫ ርብራብ አዋልኩት።"

ጋሽ ታደሰን ከውስጥ ጠራኋቸው። ብሩሻቸውን እንደያዙ ወጡ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ጥላ አልፈልግም ብለዋል?"

"ብያለሁ!" አሉ ፈርጠም ብለው። "አሁንም እላለሁ! ጥላ ያለበት ቤት ውስጥ እንዴት ተደርጎ ነው የሚሣለው?"

"ይኸው!" አለ ኦቦ ቃሲም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። "ያ ረቢ፣ ሰማሽ?"

ከዚያማ ጩኸት ሆነ። እሳቸው "ይህ ሰውዬ በፀሐይ ሊጠብሰኝ ነው"፣ እሱ "ራስዎ ያዘዙትን"፣ እሳቸው "እኔ መቼ ፀሐይ አዘዝኩ"። እኔ መሐል ቆሜ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሳይ ቆየሁ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፣ ሁለቱም ተበድለዋል፣ ሁለቱም ጮኸዋል። ድንገት ገባኝ። እንደ እብድ ሳቅኩ።

አሰላ ተወልዶ ያደገ ሰው ኦሮምኛን ከገበያና ከጎረቤት ነው የሚለምደው። ወደ ኦቦ ቃሲም ዞርኩና በእሱ ቋንቋ ጠየቅኩት፦

"ጋዲሳ ሞ ጋዲዱ?"

ቱንቢውን መሬት አስነካው። "ጋዲሳ ነዋ፣" አለ በመጨረሻ። "እኔ ጋዲሳ ነው ያሉ የመሰለኝ።" ከዚያ መዳፉን አፉ ላይ ከደነ።

ጋዲሳ ሰው የሚጠለልበት ጥላ ነው፣ ዛፍ ሥር ያለው፣ ዳስ ሥር ያለው። ጋዲዱ ደግሞ ሰው ሲቆም መሬት ላይ የሚወድቀው፣ እጅ ሲነሳ ወረቀት ላይ የሚከተለው። ኦሮምኛ ሁለት ቃል አለው። አማርኛችን ለሁለቱም "ጥላ" ብሎ ተገላገለ። ጋሽ ታደሰ የገዛ እጃቸው ጥላ ሸራቸው ላይ እንዳይወድቅ ነው የለመኑት። ኦቦ ቃሲም መጠለያውን አንሱልኝ ያሉ መሰለው። እኔም ፕላኑ ላይ የጻፍኩት ያንኑ ቃል ነው።

ለጋሽ ታደሰ ስተረጉምላቸው መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው ወረደ። "አንድ ዓመት ሙሉ ዴራ ኖሬ ሁለት ቃል ሳልማር!" አሉ።

ሳቁ አለቀ። ቅዳሜ ግን እዚያው ነው።


ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ከዘመዴ ቤት ነው የምጽፈው። እስከ ቅዳሜ ዴራ እቆያለሁ። ጥብስ አቀረበችልኝ፤ ረቡዕ ነው ግን ገና ከፋሲካ አልራቅንም፣ በላሁ። እኔ ስበላ ኦቦ ቃሲም ያንን ደረቅ ከንፈሩን ይዞ እንደሚውል ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ጭንቀቶቼ፦

እንጨቱ ተቆራርጧል። ባሕር ዛፍ ግን እናገኛለን፣ ኦቦ ቃሲም "ለሱ አታስቢ" ብሏል።

ሲሚንቶ የለም። ቢኖርም እስከ ቅዳሜ አይደርቅልንም።

ቆርቆሮ ለማውጣት ማመልከቻ ነው፣ ፊርማ ነው፣ "ነገ ተመለሺ" ነው። ደግሞም አልፈልገውም። ቆርቆሮ ፀሐይዋን ከለከልኩ ብሎ ሙቀቷን ራሱ ያወርደዋል።

ሰሌን አሰብን። ሰሌን ቀዳዳ አለው፣ ፀሐይ በቀዳዳው እየሾለከች ሸራው ላይ ነጠብጣብ ትሠራለች። ጋሽ ታደሰ "ነብር ልሣልላችሁ ነው?" አሉ።

መጠለያው ብርሃን የማያሳልፍ፣ ቀላል፣ ዝናብ የሚችል መሆን አለበት። ሥሩ ደግሞ ነጭ ይሁን፣ ከመሬት የሚነሳውን ብርሃን ወደ ውስጥ መልሶ እንዲያካፍል። ምን አለ እንደዚህ ያለ ነገር? ሳስበው ራሴን አመመኝ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ተገኘ! ጋሽ ታደሰ ናቸው ያመጡት። በማለዳ ስደርስ መጋዘናቸውን ከፍተው ያለፈው ዓመት የበዓል ሰሌዳቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጠበቁኝ። ኮምፔንሳቶ ነው፣ ወፍራም፣ በዘይት ቀለም የተሣለ። ስንዴ የሚያጭዱ ሴቶች። ከዚህ ቤት ግድግዳ ይበልጣል።

"ይህ ይበቃሻል?" አሉ።

ይበቃል። ከበቂም በላይ ነው። ግን ሥዕሉን ቀርቤ አየሁት። ከሴቶቹ አንዷ ወገቧን ይዛ ቀና ብላለች፣ ደክሟታል፤ ሰው ሲደክመው የሚያደርገውን ነው የምታደርገው። "ጋሽ ታደሰ፣ ይህንን አይቆርጡም። ሌላ የለም?"

"ሌሎቹ ባለ ጡንቻ ናቸው፣ ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል፣ ለሚቀጥለው በዓል ይወጣሉ። ይህቺ የእኔ ናት። ጡንቻ ስለሌላት አልፈለጓትም።" ከዚያ እንደ ቀልድ "የተሣለውን ወገን ወደ ላይ አድርጊልኝ፣" አሉ፣ "የዘይት ቀለም ዝናብ ይችላል። ሥሩን ኖራ ቀቢው።"

"ወደ ላይ ከሆነ ማን ያየዋል?"

"ወፍ።"

ኦቦ ቃሲም መጋዙን ከማስገባቱ በፊት ጋሽ ታደሰን አንዴ አየት አደረጋቸው። እሳቸው "ቁረጥ፣ ቁረጥ" አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። መጋዙ እየጮኸ ሳለ ሲያፏጩ ይሰማኝ ነበር። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ጊዜ አልነበረም።

እስከ ረፋድ ድረስ የባሕር ዛፉን ቋሚ ተከልን፣ አግዳሚውን መታን። ውሃ ልኩን እኔ ነኝ የያዝኩት። መጠለያው ግድግዳውን እንዳይነካ፣ በመሐል ሙቅ አየር የሚያመልጥበት ክፍተት እንዲኖር አልኩ። ኦቦ ቃሲም "ዝናብ በዚያ ይገባላ" ብሎ ተከራከረኝ፤ መስኮቱ ከዚያ ገባ ስለሚል አይገባም ብዬ ረታሁት። "ኢንጂነር፣ አንቺን ያገባ ሰው አበቃለት" አለኝ። "እስካሁን ማንም አልሞከረም፣ ሁሉም ብልህ ነው" አልኩት። ጾመኛውን ሁሉ አሳቅሁት።

ክንፎቹን በማሽላ አገዳ አቁመን በጭቃ ለሰንናቸው። ዴራ ውስጥ ጭቃ ሲመርጉት ነው የሚደርቅ። ለአንድ ጊዜ ሙቀቷን መረቅኋት።


ዓርብ፣ ግንቦት 8

ግንበኞቹ ጁምዓ ስለሆነ በጊዜ ሄዱ። እኔ ቤቱ ውስጥ ዋልኩ። ግድግዳው ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ሳየው ዋልኩ። የሚያልፍ ሰው በመስኮት ቢያየኝ አማኑኤል ሆስፒታል ያስወስደኝ ነበር።

ጠዋት ፀሐይዋ ከምሥራቅ ሰርቃ ልትገባ ሞከረች፣ ክንፉ ያዛት። ቀትር ላይ መጠለያው ያዛት። አንድ ጨረር አላለፈችም! ብርሃኑ ሞልቷል፣ ግን እኩል ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። እጄን ወረቀቱ ላይ ባነሳው ጥላው ደብዛዛ፣ እንደሌለ የሚቆጠር ነው። ሙቀቱም ወረደ። በደቡቡ ግድግዳ አናት ላይ የተውኳቸው ቀዳዳዎች የሞቀውን አየር እየጎተቱ ያወጡታል፣ እጄን ይዤባቸው ነፋሱን ሰማሁት።

ጮክ ብዬ "እሰይ!" አልኩ ለብቻዬ።

አንድ ነገር ግን ጋሽ ታደሰ አገኙብኝ። ነጩን ወረቀት ትኩር ብለው አይተው "ይህ ነጭ ነው?" አሉ። ቀረብ ብዬ ሳየው ወረቀቱ ቀላ ብሏል። ከመስኮቱ ሥር ግንበኞቹ ጭቃ እንዳይረጭ ብለው ቀይ አሸዋ አፍስሰዋል፣ ብርሃኑ እሱን ነክቶ ነው የሚገባው። "በዚህ ቤት የሣልኩት ሰው ሁሉ ያፈረ ይመስላል" አሉ። ተማሪዎቹን ሰብስበን ቀዩን ጠርገን ግራጫውን የወንዝ አሸዋ በተንበት። ወረቀቱ ነጣ።

ኩራት ኃጢአት ከሆነ ዛሬ ሲኦል ነኝ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

መጡ። ልክ ቀትር ላይ፣ ዴራ በጣም በምትከፋበት ሰዓት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወፍራም ሰው ነው፣ ካኪው ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጓድ ግርማ ሞዴል ፕላኑን በብብቱ ይዟል።

ሰብሳቢው ገና ሳይገባ ደጅ ቆሞ ነቀፈ። "መስኮቱ ወደ መንገዱ የማይዞር ለምንድነው? ሠፊው ሕዝብ ሠዓሊዎቹ ሲሠሩ እንዴት ያያል?" መንገዱ በምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እሳት እንደሚገባ ልነግረው አፌን ስከፍት ጓድ ግርማ አየኝና ዋጥኩት።

ገቡ። ሰብሳቢው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። አንገትጌውን ነካ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ሳይጋብዙት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሌሎቹም ተቀመጡ። ጋሽ ታደሰ ጥግ ላይ ዝም ብለው ይሥላሉ።

"ማራገቢያ የት አለ?" አለ ሰብሳቢው።

"የለም ጓድ።"

"ፀሐይ ትገባለች ተብሎ ነበር።"

"አልገባችም ጓድ፣" አለ ጓድ ግርማ ፈጠን ብሎ፣ "ክፍላችን ተከታትሎ አስተካክሎታል።" ክፍላችን! ይሁን።

አሸነፍኩ ብዬ ሳስብ ሰብሳቢው ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና እንዲህ አለ፦ "ይህን የመሰለ ቤት ለቀለምና ለብሩሽ ብቻ መዋሉ ያሳዝናል። የእኛ ጽሕፈት ቤት እኮ ቆርቆሮ ሥር ነው፣ እየተቀቀልን ነው። ሠዓሊዎቹ እዚያ መዛወር ይችላሉ።"

"ይቻላል ጓድ" አለ ጓድ ግርማ።

ጋሽ ታደሰ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ቤቱን ጥሩ አድርጌ በመሥራቴ ልነጠቅ ነው! መጥፎ ብሠራው ኖሮ ለእሳቸው በቀረ። ልጮህ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው እርጋታ መጣልኝ።

"ይችላሉ ጓድ፣" አልኩ፣ "ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ። ቅድም እንዳሉት መስኮቱ ወደ መንገድ አይዞርም። እዚህ ተቀምጠው ማን እንደመጣ፣ የማን መኪና እንደቆመ አይታይም። ከላይ እንግዳ ቢመጣ በሩን ከፍቶ እላይዎ ላይ ሲቆም ነው የሚያዩት።"

ሰብሳቢው ወደ በሩ ዞር አለ። ወደ መስኮቱ ዞር አለ፤ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይና የግራር ጫፍ ነው።

"አዎ፣" አለ ተነስቶ፣ "ለሠዓሊ ነው የሚሆነው።"

ጓድ ግርማ ሞዴል ፕላኑን አልዘረጋውም። ሰብሳቢው መኪናው ላይ እየወጣ "የአቦምሳውም እንደዚህ ይሁን" አለ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ "አንድ ተጨማሪ ክፍል ይኑረው፣ ለጽሕፈት። መስኮቱ ወደ መንገድ" አለ። ስለ ሮቤ ጠየቅኩ፤ ሮቤ ብርድ ነው፣ ለሱ ሌላ ንድፍ ያስፈልጋል አልኩ። "ሮቤን ቆይተን እናየዋለን።" እሺ፣ ቆይተን እናየዋለን።

ኦቦ ቃሲም ከግንቡ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። "ኢንጂነር፣ አንቺ ፖለቲካ ነበር መማር የነበረብሽ" አለኝ። ጋሽ ታደሰ ጭንቅላቴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።


እሑድ፣ ግንቦት 10

አሰላ፣ ቤት። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ወረቀት ወጥሬአለሁ። ከላዩ ላይ "አቦምሳ" ብዬ ጽፌ ሌላ ነገር አልጻፍኩም። ቦታውን ገና አላየሁትም፣ ቁልቁለት ይሁን ሜዳ አላውቅም፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ለዚያ ቤት የሚቆረጥ ሰሌዳ አይኖርም፣ ጋሽ ታደሰም አይኖሩም። ትንሽ ፈራሁ። ትንሽ ብቻ።

እማዬ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ሳምንቱን ሙሉ ፊቴን እያየች ስትጨነቅ ከርማለች። ኮሚቴው ወደደው አልኳት። እልል አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ።

"ታዲያ ምን ሰጡሽ?"

"ሥራ።"

"ሥራማ ሠርተሽ የለ። ለሱ ምን ሰጡሽ ነው የምልሽ?"

"ሌላ ሥራ፣ እማዬ። ሌላ ቤት እንድነድፍ።"

"ውይ በሞትኩት! ሥራ ለሠራ ሥራ?" አለች፣ ስኒውን አስቀምጣ እጇን አጨበጨበች። "ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው!"

ላስረዳት ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። እሷ የከፋኝ መስሏት ጀርባዬን ስታሻሽ፣ እኔ "ደስ ብሎኝ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው" እላለሁ፣ አታምነኝም።